ጠዋት ብርቱ፣ እኩለ ቀን ላይ ደካማ፦ የሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ታሪክ ከጦር መርከብ እስከ ሣር ማጨጃ

 

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጥያቄ ደረሰኝ። የመጀመሪያው ከአርሲ ነው፤ ኮምባይነር የሚያከራዩ አባት ናቸው። «ማሽኑ ጠዋት እንደ ልቡ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ሞተሩ አልጠፋም፣ እንዲያውም ይጮኻል፤ ትንሽ ዳገት ሲያገኝ ግን ጎማው አልዞርም ይላል። ጋራዥ ብጠይቅ ፓምፑ ስላለቀ አዲስ ይገዛ አሉኝ፤ ዋጋውን ስሰማ ራሴን ያዝኩ። ስንዴው ደግሞ ቆሟል፣ ሰማዩም አላማረኝም» ይላሉ።

ሁለተኛው ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። እዚያ የሚኖር አንድ ወንድማችን ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አለው፤ ሣሩንም ላዩ ላይ ተቀምጠው በሚነዱት ማጨጃ ያጭዳል። «ግማሹን ግቢ እስክጨርስ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ከቤቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ዳገት ላይ ስደርስ እየተንቀራፈፈ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ላሳርፈው ደግሞ እንደገና ይሄዳል» ይላል።

አንዱ ማሽን በቀን ብዙ ሄክታር ስንዴ ይወቃል፤ ሌላው የጓሮ ሣር ይላጫል። በሽታቸው ግን አንድ ነው። ምክንያቱም የሁለቱም ካምቢዮ አንድ ዘር ነው፤ ሃይድሮስታቲክ ይባላል። ዛሬ «ይሄን አድርጉ፣ ያንን ተዉ» ብዬ ብቻ ልሸኛችሁ አልፈለግሁም። ታሪኩን ልንገራችሁ። ይህ ካምቢዮ ከመቶ ዓመት በላይ ሲወራረስ የመጣ ነው፤ ከባለሙያ እጅ ወደ ገበሬ እጅ፣ ከገበሬ እጅ ወደ ማንም ሰው ጓሮ ሲወርድ በየደረጃው አንድ አንድ ጥንቃቄ እየጣለ ነው የመጣው። ብልሽቱም ያለው እነዚያ የተጣሉት ነገሮች ላይ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንያዝ

ተራውን ካምቢዮ ታውቁታላችሁ። ፍሪሲዮን ትረግጣላችሁ፣ ማርሽ ታስገባላችሁ፣ ብረት ብረትን ይዞ ያዞራል። በሃይድሮስታቲክ ግን ከሞተሩ እስከ ጎማው ጉልበቱን ተሸክሞ የሚሄደው ዘይት ነው። ሞተሩ አንድ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ውስጥ በክብ የተደረደሩ ትናንሽ ፒስተኖች አሉ፤ ጫፋቸውም አንድ ሳህን መሰል ብረት ላይ ያርፋል። ሳህኑ ቀጥ ብሎ ከቆመ ፒስተኖቹ ዝም ብለው ይዞራሉ እንጂ ገባ ወጣ አይሉም፤ ዘይት አይገፋም፣ ማሽኑም ቆሟል። ሳህኑን ትንሽ ስታዘነብሉት ግን በዞሩ ቁጥር ገባ ወጣ እያሉ ዘይት ይገፋሉ። ያ ዘይት ሄዶ የዘይት ሞተር የሚባለውን ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ ያዞራል፤ እሱ ደግሞ ጎማውን። ይበልጥ ስታዘነብሉት ይፈጥናል። በተቃራኒው ስታዘነብሉት ዘይቱ በሌላኛው መንገድ ይሄድና ማሽኑ ወደ ኋላ ይላል። እግራችሁ ሥር ያለው ፔዳል ወይም እጃችሁ ላይ ያለው ማንሻ ሥራው ያንን ሳህን ማዘንበል ብቻ ነው። ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሽ መቀየር የለም።

ፒስተኑ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ክፍተት ነው። ጎማ ቀለበት የለውም፤ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው የክፍተቱ ጥበት ብቻ ነው። በዚያች ክፍተት ሁልጊዜ ጥቂት ዘይት ያመልጣል፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ ብረቱ እንዳይፋጭ ታስቦ የተተወ ነው። ያመለጠውን የሚተካ ትንሽ አጋዥ ፓምፕም አለ። እንግዲህ ቁም ነገሩን ያዙልኝ፦ በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ማርሹ ራሱ ዘይቱ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን በክፍተቱ የሚያመልጠው ይበዛል፤ የሚያመልጠው ሲበዛ ወደ ጎማው የሚደርሰው ያንሳል። ጠዋት ብርቱ፣ እኩለ ቀን ላይ ደካማ የሆነው ለዚህ ነው።

በውሃ ተጀመረ

በፈሳሽ ግፊት ጉልበት ማስተላለፍ የድሮ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ፈጠራውን በስሙ አስመዘገበ። በ1840ዎቹ ደግሞ ዊልያም አርምስትሮንግ በኒውካስል ወደብ በውሃ ግፊት ዕቃ የሚያነሳ ክሬን ሠራ። ሁለቱም የተጠቀሙት ውሃ ነው። ውሃ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፤ ግን ብረት ያዝጋል፣ በብርድ አገር ይረጋል፣ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ አያለሰልስም። በጣም ቀጭን ስለሆነም በትንሿ ቀዳዳ ሁሉ ያመልጣል። ስለዚህ ከባድ ዕቃ ቀስ ብሎ ለማንሳት ይሆናል እንጂ በፍጥነት ለሚዞር፣ ጠባብ ክፍተት ላለው ፓምፕ አይሆንም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሁለት አሜሪካውያን፣ ሃርቬይ ዊልያምስና ሬይኖልድ ጃኒ፣ ውሃውን በዘይት ተኩ። ከላይ የነገርኳችሁን ባለ ፒስተንና ባለ ዘንባይ ሳህን ፓምፕ ከዘይት ሞተር ጋር አዛምደው ሠሩ። በኮኔቲከት ግዛት የሚገኘው ወተርበሪ የተባለ ፋብሪካም ያመርተው ጀመር። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው እርሻ ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1906 አገልግሎት በጀመረች አንዲት የአሜሪካ ጦር መርከብ ላይ መድፍ ማንቀሳቀስ ነበር። የመርከቧ ስም ማን መሰላችሁ? ቨርጂኒያ! ጠያቂያችን ከሚኖርበት ግዛት ስም የወሰደች። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ።

መድፍ ለምን ይህን ካምቢዮ ፈለገ? መርከብ ማዕበል ላይ ይወዛወዛል። ተኳሹ ያንን ሁሉ ቶን ብረት በጥቂት በጥቂቱ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ወዲያና ወዲህ ማለት አለበት። የዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን በልስላሴ መሥራት አልሆነለትም። ሳህኑን በማዘንበል ግን ከዜሮ ጀምሮ የፈለጉት ፍጥነት ይገኛል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፓምፑን «ኤ ጫፍ»፣ የዘይት ሞተሩን ደግሞ «ቢ ጫፍ» እያለ ይጠራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መርከብ ላይ ያለው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ነው፤ አቧራ የለም፣ ገለባ የለም። ዘይቱን የሚያዩ፣ ግፊቱን የሚለኩ፣ ሥራቸው ያ ብቻ የሆነ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩት። ዕቃው ሲወለድ ሞግዚት አብራው ነበረች ማለት ነው።

ወደ እርሻ ሲመጣ

ዕቃው ከመርከብ ወርዶ እርሻ ላይ እስኪደርስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በመካከሉ ሁለት ነገር ተሻሻለ። አንደኛው መታሸጊያ ነው። ትውልዱ ከዴንማርክ የሆነው ኒልስ ክሪስተንሰን በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ማንኛውም ጋራዥ የሚያውቃትን ክብ የላስቲክ ቀለበት፣ ኦሪንግ የምንላትን፣ ለሥራ አበቃ። ከዚያ በፊት ግፊት ያለው ዘይት እንዳይፈስ ማድረግ ጣጣ ነበር። ሁለተኛው አውሮፕላን ነው። የአውሮፕላን ሞተር ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ቢልም ጄኔሬተሩ ግን በአንድ ፍጥነት መዞር አለበት። ሰንድስትራንድ የተባለው የኢሊኖይ ኩባንያ ይህን የሚያስተካክል የሃይድሮሊክ ካምቢዮ ለትልልቅ አውሮፕላኖች ሠራ። ስሙን ያዙልኝ፣ ጓሮ ውስጥ እናገኘዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1954 በእንግሊዝ፣ ሲልሶ በሚባል ቦታ ያለው የእርሻ ምህንድስና ተቋም ማርሽ የሌለው፣ የኋላ ጎማዎቹ በዘይት ሞተር የሚዞሩ የሙከራ ትራክተር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ኤችቲ-340 የተባለ ጉድ ይዞ ብቅ አለ፤ ሞተሩ እንደ አውሮፕላን ተርባይን ነበር፣ ካምቢዮው ሃይድሮስታቲክ። ተርባይኑ ጆሮ የሚያደነቁርና ነዳጅ የሚጨርስ ስለነበር ቀረ፤ ትራክተሩም ዋሽንግተን ባለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀመጠ። ካምቢዮው ግን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1967 ያው ኩባንያ 656 የተባለውን ትራክተር በሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ለገበሬ ሸጠ።

ገበሬው ወደደው? ወደደውም፣ ጠላውም። ሣር ለሚያስር፣ ዕቃ ለሚያነሳ፣ አሥር ጊዜ ወደፊትና ወደ ኋላ ለሚል ሰው ገነት ነበር። ሲያርሱበት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ማርሽ ካምቢዮ ከሞተሩ ጉልበት የሚያባክነው ጥቂት ነው። ሃይድሮስታቲክ ግን አንዳንዴ ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ያባክናል። የባከነው ጉልበት የት ይሄዳል? ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ማረሻ ሲጎትቱበት ነዳጅ ይበላል፣ ዘይት ያፈላል። ስለዚህ የማረሻ ትራክተር ላይ ማርሽ አሸነፈ።

ያሸነፈው የት ነው? ኮምባይነር ላይ። ይህን ለናንተ ማስረዳት አይከብድም። ስንዴው ሲወፍር ቀስ ማለት አለባችሁ፣ ሲሳሳ መፍጠን። መውቂያው ከበሮ ግን በአንድ ፍጥነት መዞር አለበት፤ ቀንሶ ከዞረ እህል ከገለባው ጋር ይወጣል። ስለዚህ የሞተሩን ፍጥነት ሳይነኩ የጎማውን ብቻ መቀየር ያስፈልጋል። ሃይድሮስታቲክ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ሣር ማጨጃም እንዲሁ ነው። ምላጩ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት መዞር አለበት፤ አለበለዚያ ሣሩን ይነጨዋል እንጂ አይቆርጠውም። ነጂው ግን ዛፍ ሥር ሲደርስ ቀስ፣ ሜዳ ላይ ሲወጣ ፈጠን ማለት ይፈልጋል። ኮምባይነርና ሣር ማጨጃ አንድ ካምቢዮ የተካፈሉት ሁለቱም አጫጆች ስለሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ ያ 1967 ለኛም አገር የማይረሳ ዓመት ነው። የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው ያኔ ነው። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለትንሹ ገበሬ ለማድረስ ነበር የመጣው። ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ግን በትራክተርና በኮምባይነር ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኛም ተነቀለ። የአርሲ ሽማግሌዎች ኮምባይነር ሲነሳ ፊታቸው የሚጨልመው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ጊዜው ተለውጦ በአርሲና በባሌ ያው ገበሬ ራሱ ኮምባይነር ይከራያል።

ሞግዚቷ ስትቀር

ወደ ጓሮው እንመለስ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከብ ካዴት የተባለች ትንሽ የግቢ ትራክተር ነበረችው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ 123 በተባለው ሞዴል የሰንድስትራንድን ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ገጠመባት። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ጆን ዲር 140 የተባለውን ይዞ መጣ። እነዚህ ማሽኖች ለሣር ብቻ አልነበሩም፤ በረዶ ይገፉ ነበር፣ ትንሽ ማረሻም ይጎትቱ ነበር። ስለዚህ ከብረት ተቀርጸው ወፍራም ሆነው ነው የተሠሩት። ከብ ካዴቷ ልክ እንደ ትልቁ ትራክተር ከውጭ የሚጠመዘዝ ፊልትሮ ነበራት፤ ዘይቷም ትልልቆቹ ትራክተሮች የሚጠጡት ዓይነት ነበር። ገበሬ የትራክተሩን ፊልትሮ ሲቀይር የእሷንም አብሮ ይቀይራል። ሃምሳ ዓመት አልፏቸው እስካሁን የሚሄዱ አሉ።

ቀጥሎ የመጣው ርካሹ ዘመን ነው። ከተማ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ማጨጃ ፈለገ፤ ዋጋው መውረድ ነበረበት። ፓምፑን፣ የዘይት ሞተሩን፣ መጨረሻ ማርሹንና አክሱሉን በአንድ የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ አጭቀው አመጡት። ዛሬ ከሚታወቁት አምራቾች ሃይድሮ-ጊር ኢሊኖይ ውስጥ ሱሊቫን ላይ፣ ተፍ ቶርክ ደግሞ ቴነሲ ውስጥ ሞሪስታውን ላይ ይገኛሉ። ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው ሳጥኖች ዛሬም ፊልትሮና የዘይት መልቀቂያ ቡሎን አላቸው። ርካሾቹ ግን ብዙዎቹ የውጭ ፊልትሮ የላቸውም፣ ከታች መልቀቂያ ቡሎን የላቸውም። ወረቀቱም ላይ «ጥገና አያስፈልገውም» ይላል።

እውነት ነው? እኔ እንደሚገባኝ ይህ የምህንድስና ቃል ሳይሆን የንግድ ቃል ነው። ትርጉሙ «ይህ ማሽን ጠፍጣፋ ግቢ ላይ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጥቂት ዓመት እንዲሠራ ታስቧል፤ ለዚያ ዕድሜ የፋብሪካው ዘይት ይበቃዋል» ማለት ነው። ብረቱ አዲስ ሲሆን ይላጫል፤ የተላጨው ዱቄት ዘይቱ ውስጥ ነው፤ መውጫ የለውም። ፊልትሮ ያላቸው ትልልቆቹ የመጀመሪያው ዘይታቸው በብዛት መቶ ሰዓት ሳይሞላ የሚቀየረው ለዚህ አይደለም እንዴ? የትንሹ ሳጥን ብረትስ አይላጭም? ዳገት ያለው ሰው፣ ጋሪ የሚጎትት ሰው ርካሹን ሳጥን ከገዛ፣ በመርከቧ ላይ የሠለጠኑ ሰዎች ሲጠብቁት የነበረውን ዕቃ ያለ ጠባቂ ሥራ ላይ አዋለው ማለት ነው።

ስለዚህ ሲደክም ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ፓምፕ አትግዙ። ከርካሹና ከቀላሉ ጀምሩ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፣ ይቀዝቅዝ።

አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ገና ቀዝቃዛ እያለ ነው የሚደክመው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ከመነሻው የማይሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከካምቢዮው ውጭ ነው። ማጨጃው ላይ ማሽኑን በእጅ ለመግፋት ካምቢዮውን ነፃ የሚያደርግ ዘንግ አለ፤ አንድ ሰው ስቦት ረስቶት ይሆናል። ስንት ሰው ለዚህች ዘንግ ጋራዥ ከፍሏል መሰላችሁ! ቀጥሎ ቺንጋውን እዩ። የሚያብለጨልጭ፣ የተሰነጠቀ ወይም ዘይት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል፤ የሚወጥረው ሞላም ዝሎ ይሆናል። ፍሬኑ ይዞ ቀርቶ እንደሆነም ጎማውን አንስታችሁ አዙሩና አረጋግጡ። ከፔዳሉ እስከ ሳህኑ ያለው ዘንግ ከላላ ሳህኑ ሙሉ በሙሉ አይዘነብልም። ፔዳሉን ለቃችሁት ማሽኑ ራሱ ቀስ እያለ የሚሄድ ከሆነም ይኸው ዘንግ ማስተካከል ይፈልጋል እንጂ ፓምፑ አልታመመም።

ከሞቀ በኋላ የሚደክም ከሆነ ወደ ሙቀቱ ሂዱ። ማጨጃው ሥር ካምቢዮው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ማራገቢያ አለ፤ ሳጥኑም ሙቀት የሚያስወጡ ክንፎች አሉት። እዚያ ላይ ደረቅ ሣር እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኛላችሁ። ኮምባይነር ላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ራዲያተር ነው፤ አቧራና እብቅ ይደፍነዋል። ከፊት ንጹሕ መስሎ ከኋላው የተደፈነ ብዙ ነው፤ በባትሪ መብራት እዩት። አየር ስትነፉበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፤ በኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን አታጣሙ።

ከዚያ ዘይቱ። ቀለሙን እዩ፣ አሽቱት። ወተት የመሰለ ውሃ ገብቶበታል። አረፋ የያዘ አየር እየሳበ ነው፤ ከፓምፑ የሚወጣ ጩኸትም የአየር ምልክት ነው፤ የመሳቢያውን ቱቦና ማሰሪያ ፈትሹ። ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ብዙ ፈልቷል። ስለ ዓይነቱ ደግሞ አትገምቱ። ኮምባይነሩ የሃይድሮሊክ ዘይት ሲጠይቅ ብዙዎቹ ትናንሽ ማጨጃዎች 20ደብልዩ-50 የሚባለውን የሞተር ዘይት ነው የሚፈልጉት። ስሙ ሃይድሮስታቲክ ስለሆነ ብቻ የሃይድሮሊክ ዘይት አትገልብጡበት፤ የማሽኑን መጽሐፍ ተመልከቱ። በየገበያው ክዳኑ ተከፍቶ ከቆመ በርሜል በጄሪካን የሚቀዳ ዘይት ግን ይቅርባችሁ። ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት ውስጥ አሸዋ ስትጨምሩ አስቡት። ማንቆርቆሪያውም፣ ጨርቁም ንጹሕ ይሁን፤ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ።

መልቀቂያ የሌለው ሳጥን ዘይቱ አይቀየርም ማለት አይደለም። ሳጥኑ ከማሽኑ ይወርዳል፣ በመሙያው ቀዳዳ በኩል ተገልብጦ ይንጠፈጠፋል፣ የወጣው ይለካል፣ መጽሐፉ በሚለው ልክ አዲስ ይሞላል። ሥራው የአንድ ቀን ነው።

ዘይት ከተቀየረ በኋላ አየሩን ማስወጣት ግድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማጨጃው ላይ የሚነዱት ጎማዎች መሬት እንዳይነኩ ጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣሉ። ነፃ የምታደርገውን ዘንግ ከፍታችሁ ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሱ። ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ ወደፊትና ወደ ኋላ አምስት ስድስት ጊዜ ውሰዱት። ሞተሩን አጥፍታችሁ ዘንጉን ዝጉ፣ እንደገና አስነስታችሁ ያንኑ ድገሙ። ከዚያ ዘይቱን ለኩና የጎደለውን ሙሉ። ይህን ሳታደርጉ ዳገት ከወጣችሁ አየሩ አዲሱን ዘይት አረፋ ያደርገዋል። ለኮምባይነር መንገዱ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ መጽሐፉን የያዘ መካኒክ ይሥራው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኮምባይነር ቱቦ ሲያፈስ ሞተሩ እየሠራ በእጃችሁ ዳስሳችሁ አትፈልጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ከመርፌ ቀጥኖ ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፤ ሐኪም ቶሎ ካላየው ግን እጅ ያስቆርጣል። ካርቶን አስጠግታችሁ እዩ። ሌላው፣ የተበላሸ ማሽን ስትጎትቱ መጀመሪያ ነፃ የሚያደርገውን ዘንግ ወይም ማርሹን ክፈቱ። ዝም ብሎ ከተጎተተ ጎማው የዘይት ሞተሩን ያለ በቂ ዘይት ያዞረዋል፤ ደህና የነበረውም በመንገድ ላይ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ሲሞቅ የሚደክም ከሆነ ያኔ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ብረቱ ተበልቷል። እሱንም በጆሮ አይደለም የምናውቀው። የአጋዥ ፓምፑ ግፊት ዘይቱ በሞቀበት ሰዓት በመለኪያ ይለካል። ሳይለካ «ፓምፑ ሞቷል» የሚል ባለሙያ መለኪያውን እንዲያመጣ በትህትና ጠይቁት። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ማስታገስም አለ፤ ለጊዜው ይረዳል፣ ጠዋት በብርድ ግን ፓምፑ ወፍራሙን ዘይት መሳብ ያቅተውና ይጮኻል። እኔ አልመክርም።

የአርሲው አባታችን በስልክ እየተነጋገርን ማቀዝቀዣውን አስከፈቱት፤ የኋላው ገጽ በእብቅ እንደ ጭቃ ግድግዳ ተመርጎ ነበር። ፊልትሮው ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ አልተነካም። ጠርገው፣ ፊልትሮና ዘይት ቀይረው ስንዴውን አነሱ። ሙሉ በሙሉ ዳነ አልልም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አሁንም ትንሽ ይለግማል፤ ስለዚህ ፓምፑ መበላቱ አልቀረም። አጨዳ ሲያልቅ ግፊቱ ይለካል፣ ያኔ እንወስናለን። የቨርጂኒያው ወንድማችን ደግሞ የማራገቢያዋ ሁለት ክንፍ ተሰብሮ አገኘ፤ ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዘይቱን ገና አልቀየረም፤ ቅዳሜ ሳጥኑን አወርዳለሁ ብሏል።

እናንተም ተመሳሳይ ችግር ካጋጠማችሁ ስትጽፉልኝ የማሽኑን ስምና ሞዴል፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ በብርድ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚደክመው፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አብራችሁ ጻፉ። የዘይቱን ፎቶ በነጭ ሰሃን ላይ አድርጋችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ ይበልጥ ይረዳኛል።